ጎረምሳው፣ ኮረዳዋና አንዲት ብስክሌት

ሐዋሳ ለብስክሌት የተፈጠረች ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከታቦር ተራራ በስተቀር ዳገት የሚባል ነገር ብዙም የላትም፤ መንገዶቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ከቀትር በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስም ላብ ያደርቃል። ባጃጅ ከተማዋን ከመሙላቱ በፊት፣ መምህሩም ነጋዴውም የቢሮ ሠራተኛውም በብስክሌት ይሄድ በነበረበት ዘመን፣ በቤታችን አንዲት ጥቁር የቻይና ብስክሌት ነበረች። (ዕቃውን በሴት ጾታ መጥራቴ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ወደዚህ የአማርኛ ጠባይ ኋላ እመለስበታለሁ።) የአባቴ ንብረት ብትሆንም፣ እሱ ከሥራ ከተመለሰ በኋላና ቅዳሜ ቅዳሜ የምትነዳት እህቴ ነበረች።

እህቴ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። መንዳት የለመደችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ፔዳሉን መርገጥ ስለማትችል፣ ቀኝ እግሯን ከመሪው እስከ ወንበሩ በተጋደመው ብረት ሥር አሾልካ፣ ወገቧን ወደ አንድ ጎን ሰብራ፣ ግማሽ ግማሽ ዙር እየረገጠች ትሄድ ነበር። የዚያን ጊዜ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ የሚለምደው እንደዚያ ነው። ብረቱ ያለበት «የወንድ ብስክሌት»፣ ቀሚስ ለለበሰ ሰው እንዲመች ብረቱ ዝቅ የተደረገለት ደግሞ «የሴት ብስክሌት» ይባላል፤ እህቴ ግን ይህን ልዩነት ከቁብ አልቆጠረችውም። ዳቦ ለመግዛት፣ ወፍጮ ቤት ተራ ለመያዝ፣ ወይም እኔን ከኋላ ጭና ሐይቅ ዳር ለመድረስ ሰበብ አታጣም ነበር።

በ1982 ዓ.ም. አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች ቤታችን ቡና ሊጠጡ ተሰብስበው ሳለ፣ ብስክሌቷን እየገፋች በግቢው በር ገባች። ከጎረቤቶቻችን አንዷ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና ወደ እናቴ ዞረው፣ «ውይ፣ ይቺ ልጅ እኮ ደረሰች!» አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ለምርቃት የቀረበ አነጋገር ነበር። እናቴ መልስ ሳትሰጥ ቶናውን መቅዳቷን ቀጠለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን እህቴ ብስክሌቷን ልታወጣ ስትል፣ «ተያት፤ ከእንግዲህ ለወንድምሽ ተይለት» አለቻት። ቁጣም ጭቅጭቅም አልነበረም። እህቴ ወደ ማጀት ገብታ ምስር መልቀም ጀመረች፤ ጠጠር ባገኘች ቁጥር ከጎኗ ወዳለው ጣሳ ትወረውራለች፤ ጠጠሩም ቀጭ ይላል። እኔ ያን ድምፅ ከኋላዬ ትቼ፣ በአሥር ዓመቴ ብቻዬን ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ነዳሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስም ያን ቅዳሜ የማስታውሰው ብስክሌት ያገኘሁበት ቀን አድርጌ ብቻ ነበር።

ዛሬ መምህር ነኝ። ሥነ ልቦና ተምሬ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በማማከር ሥራ ብዙ ዓመት አሳልፌያለሁ፤ በማጀቱና በአሞራ ገደል መካከል በዚያ ቀን ምን እንደተደረገ ስም ያገኘሁለትም በዚሁ ትምህርት ምክንያት ነው። ጆን ሂልና ሜሪ ኤለን ሊንች የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ባቀረቡት መላ ምት፣ ልጆች ወደ ጉርምስና ሲገቡ «እንደ ሴት» ወይም «እንደ ወንድ» እንዲሆኑ የሚደርስባቸው ግፊት ከበፊቱ ይበረታል፤ ለግፊቱ መነሻ የሚሆነውም ልጁ ወደ አዋቂነት መቃረቡን የሚያሳየው የሰውነቱ ለውጥ ነው። በዚህ አስተሳሰብ ውስጥ የሚስበኝ አንድ ነገር አለ። ሆርሞን ለእህቴ ብስክሌት ተዪ አላላትም። ሰውነቷ ምልክት አሳየ፤ ምልክቱን የተረጎሙት ግን ጎረቤታችን ናቸው።

የተረጎሙበት ቃል ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። አማርኛ «ደረሰ» የሚለውን ለእህልም፣ ለእንግዳም፣ ለልጅም ይጠቀምበታል። እህል ሲደርስ ይታጨዳል፤ እንግዳ ሲደርስ ይስተናገዳል፤ ሴት ልጅ ደረሰች ሲባል ደግሞ ለምን እንደደረሰች የሚናገር ባይኖርም ሁሉም ያውቀዋል። ለወንዱ የምንለው «ጎረመሰ» ነው፤ ድምፁ ጎረነነ፣ ትከሻው ሰፋ፣ ቤት አልቀመጥ አለ ለማለት ነው። «ለአቅመ ሔዋን» እና «ለአቅመ አዳም» የሚሉት ሐረጎችም ሁለቱን በተለያየ በር ያስገቧቸዋል። ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ለሁለቱም ጾታ የምንጠቀምበት «ጉርምስና» ከወንዱ ቃል የተወሰደ ነው፤ «ኮረዳነት» የሚል ርዕስ ያለው ምዕራፍ እስካሁን አላጋጠመኝም። የጤና ባለሙያዎች የዓለም የጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ብሎ ለወሰነው ዕድሜ «አፍላ ወጣትነት» የሚለውን ሲመርጡ፣ ይህን አድልዎ ለመሸሽ ጭምር ይመስለኛል። ጥሩ ቃል ነው፤ ነገር ግን ቡና ላይ የተቀመጠች እናት ልጇን «አፍላ ወጣት ሆነች» ስትል ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ በቃላት ብቻ አላበቃም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት ደግሞ 15 ዓመት አድርጎት ነበር፤ የሴት ልጅነት ከወንዱ በሦስት ዓመት ቀድሞ እንዲያልቅ ሕግ ፈቅዶ ነበር ማለት ነው። ዕድሜው ለሁለቱም 18 የሆነው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። እናቴ ያደገችውም ያሳደገችንም በቀድሞው ሕግ ዘመን ነው። ያን ቅዳሜ ቶናውን እየቀዳች ምን እንዳሰበች ባላውቅም፣ በሕጉ ስሌት ልጇ ለትዳር የቀራት ሁለት ዓመት ብቻ ነበር።

አሁን በቅንፍ ያቆየሁትን ላንሳ። በአማርኛ አንድን ልጅ ጾታውን ሳይጠሩ ማዘዝ አይቻልም፤ «ና» ወይም «ነይ»፣ «ብላ» ወይም «ብዪ» ማለት ግድ ነው። ሆኖም ቋንቋችን ለሕፃናት ክፍተት ይተዋል፤ ትንሽ ወንድ ልጅን በፍቅር «አንቺ»፣ ትንሽ ሴት ልጅን «አንተ» ማለት የተለመደ ነው። እናቴ ታናሽ ወንድሜን «ነይ እስቲ የኔ ማር፣ ጠጪ» እያለች ወተት ታጠጣው ነበር፤ አባቴም እህቴን «አንተ ጎበዝ» ይላት ነበር። ይህ ልውውጥ መቼ እንደሚቆም በጓደኞቼና በዘመዶቼ ቤት ለዓመታት ልብ ብዬ ተከታትያለሁ። ለወንዱ በጣም ቀድሞ ይቆማል፤ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ጓደኞቹ ፊት «ነይ» ከተባለ ያኮርፋል። ለሴቷ ግን ይዘገያል፤ ለአንዳንዷም ጨርሶ አይቆምም፤ ምክንያቱም ለሴት «አንተ» መባል ሹመት ሲሆን፣ ለትልቅ ወንድ በቁጣ «አንቺ» መባል ግን ድብድብ የሚያስነሳ ስድብ ነው። «ወንዳወንድ» እና «ሴታሴት» የሚሉት ቃላትም ክብደታቸው እኩል አይደለም። የመጀመሪያው ግማሽ ወቀሳ ግማሽ አድናቆት ነው፤ ሁለተኛው አድናቆት የሚባል ነገር የለበትም።

ሳንድራ ቤም የተባለችው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣችው መጠይቅ ይህን ጉዳይ በሌላ ዓይን እንዳየው ረድቶኛል። መጠይቁ 60 መግለጫዎች አሉት፤ 20ው ኅብረተሰቡ ለወንድ፣ 20ው ለሴት፣ ቀሪው 20 ደግሞ ለሁለቱም የሚሰጣቸው ጠባያት ናቸው። ከእሷ በፊት ወንድነትና ሴትነት እንደ አንድ ገመድ ሁለት ጫፎች ይቆጠሩ ነበር፤ ወደ አንዱ የቀረበ ከሌላው ይርቃል። እሷ ግን ሁለቱን ለየብቻ ለካቻቸው፤ አንድ ሰው ቆራጥም ርኅሩኅም ሊሆን ይችላልና። እኛ «ወንዳወንድ» ስንል አሁንም በአንዱ ገመድ ላይ ነን፤ ደፋር የሆነች ልጅ ከሴትነቷ የተቆረሰላት ነገር ያለ ይመስለናል።

ይሁንና ሐቀኛ ለመሆን፣ የሂልና የሊንች መላ ምት ሁሉም ቦታ እንዳልጸና መናገር አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ልጆችን በ11፣ በ13 እና በ15 ዓመታቸው የተከታተለ ጥናት፣ ልጆቹ ስለ ራሳቸው በሚሰጡት መግለጫ ላይ በጉርምስና ይመጣል የተባለውን የጾታ ልዩነት መስፋት አላገኘም፤ ሴቶቹ ልጆች የወንድ ተብለው በሚቆጠሩት ጠባያት ከወንዶቹ የማያንሱ ሆነው ተገኝተዋል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ የእህቴን ታሪክ የሚያስረዳልኝ ሐሳብ የተወሰደብኝ መሰለኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን መጠይቁ የሚለካውና እኔ ያየሁት ነገር የተለያዩ መሆናቸው ገባኝ። መጠይቅ ልጅቷ ስለ ራሷ የምታስበውን ይጠይቃል። እህቴም በዚያ ዓመት ብትጠየቅ ደፋር ነኝ፣ ራሴን እችላለሁ ብላ በመለሰች ነበር፤ እውነትም ነበረች። የተለወጠው የቅዳሜ ከሰዓት በኋላዋ እንጂ ጠባይዋ አልነበረም። በእኛ አገር የጾታ ሚና ሲጠብቅ መጀመሪያ የሚጠብቀው ሰዓትና ቦታ ላይ ነው፤ ወደ ልብ የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ ላይገባ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ ወደ 3,000 የሚጠጉ ልጆችን ሲከታተል የቆየው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት የልጆችን ቀን በሰዓት ከፋፍሎ መመዝገቡ ለዚህ ነው የሚጠቅመኝ፤ ሴቶቹ ልጆች ለቤት ውስጥ ሥራ የሚያውሉት ሰዓት ከወንዶቹ እንደሚበልጥ በግልጽ ያሳያል።

ባለፈው ዓመት ለመስቀል እህቴ ቤት በሄድኩ ጊዜ ስለ ብስክሌቷ አነሳሁባት። አሁን ልጆቿን ለዩኒቨርሲቲ ያደረሰች ሴት ናት፤ ሳቀችና ብዙም እንደማታስታውስ ነገረችኝ። ሳህኖቹን እያነሳች ሳለ ግን ድንገት፣ «የናፈቀኝ ብስክሌቱ አይደለም። ዳቦ ቤት ስገባ በስሜ ይጠሩኝ ነበር፤ ወፍጮ ቤት ያሉትም ያውቁኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ቤታችን የሚመጣ ሰው ብቻ ሆነ» አለችኝ። በብዙ ዓመት የማማከር ሥራዬ፣ አንዲት ልጅ ከአሥራ ሦስት ዓመቷ በኋላ የምታጣውን ነገር እንዲህ አሳጥሮ የገለጸልኝ ሰው አላገኘሁም።

በክፍል ውስጥ ይህን ለማሳየት የምጠቀምበት አንድ ቀላል ነገር አለ። ሰሌዳው ላይ «ጨዋ» ብዬ እጽፍና፣ ጨዋ ልጅ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ለየብቻቸው እንዲጽፉ አደርጋለሁ፤ ወንዶቹ ስለ ጨዋ ወንድ፣ ሴቶቹ ስለ ጨዋ ሴት። የወንዶቹ ወረቀት ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ አይጠጣም፣ ትልልቆችን ያከብራል፣ አይሰርቅም። የሴቶቹ ወረቀት ይረዝማል፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አትስቅም፣ ሳይመሽ ትገባለች፣ ዓይኗን ታሳርፋለች፣ አለባበሷ ሥርዓት አለው፣ የማንም ወሬ መነሻ አትሆንም። የመጨረሻውን ስንወያይበት አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ወሬውን የማወራው እኔ አይደለሁ፤ እንዴት ነው የምከለክለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ወንዶቹ ሳቁ፤ እኔ ግን መልስ አልነበረኝም።

የእናቴ ፍርሃት ባዶ ፍርሃት ነበር እያልኩ አይደለም፤ ይህን ለማለት ከሁሉ የማንስ ሰው እኔ ነኝ። ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ሰባት ዓመቴ ድረስ አመሻሽ ላይ ከሰፈር ልጆች ጋር አንድ የቦይ ድልድይ ላይ ተቀምጠን የምታልፈውን ልጅ ሁሉ እንለክፍ ነበር። ዛሬ ሳስታውሰው የሚገርመኝ፣ ከመካከላችን ልጅቷ እንድትመልስለት የሚፈልግ አንድም አለመኖሩ ነው፤ ብትመልስ ኖሮ በደነገጥን። ተመልካቾቹ እኛው ለእኛው ነበርን። ዝም ያለ ልጅ «ሴታሴት» ይባላል፤ ይህን ላለመባል እያንዳንዱ ከቀደመው የባሰ ነገር ይናገራል፤ እኔም ተናግሬያለሁ። ብዙ ዓመት ቆይቼ እንደሰማሁት፣ እህቴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያን ድልድይ ላለማለፍ በዙሪያው ባለው መንገድ ትመጣ ነበር። ስለዚህ ለሴቶቹ መንገድ ያጠበበው ወንዶቹ ወንድነታቸውን እርስ በርስ የሚያስመሰክሩበት ሸንጎ ነው። ቤተሰብ ግን ድልድዩ ላይ የተቀመጠውን ልጁን ማስነሳት ሲችል፣ የሚቀለውን መርጦ ሴት ልጁን ቤት ያስቀምጣል።

ለወንዱ ልጅ የሚዘጋበት በር ሌላ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ አያቴ አረፉ። የልቅሶው ድንኳን ውስጥ እንባዬ ሲመጣ አጎቴ ክንዴን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝና፣ «ወንድ አይደለህ እንዴ? እናትህን አጽናና እንጂ» አለኝ። በዚያው ድንኳን ውስጥ ግን ሽበት ያወጡ ሰዎች ደረታቸውን እየመቱ፣ የአያቴን ስም እየጠሩ ያለቅሱ ነበር። በአገራችን ልቅሶ ላይ ወንድ ማልቀሱ ነውር ሆኖ አያውቅም። የተከለከልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለምን እንደሆነ የገባኝም ልጅ ወልጄ ነው። ሽማግሌው ወንድነቱ የተመሰከረለት ስለሆነ እንባው አያጎድለውም። ጎረምሳው ግን ገና ፈተና ላይ ያለ ሰው ነው፤ ትንሽ ስሕተት የሠራ እንደሆነ ወደ ማጀት ይመለሳል ተብሎ ይፈራል። በሲዳማ የሉዋ፣ በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ወንዱ ከእርከን ወደ እርከን ሲሸጋገር በሕዝብ ፊት ነው፤ የከተማ ልጅ ግን እንዲህ ያለ ምስክር ስለሌለው በየቀኑ ራሱ ይመሰክራል።

በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና በዓለም የጤና ድርጅት ትብብር በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄደውና የመጀመሪያ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት፣ ከባልቲሞር እስከ ናይሮቢ፣ ከግብፅዋ አሲዩት እስከ ሻንጋይ፣ ልጆች አሥር አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናቸው ሴት ደካማና ጥበቃ የሚያስፈልጋት፣ ወንድ ብርቱና ራሱን የቻለ ነው የሚለውን እምነት ቀድመው መቀበላቸውን አሳይቷል። ወላጆቻቸው በቋንቋ አይግባቡም፤ በዚህ ግን ይስማማሉ።

ይህ ሁሉ በልጁ አእምሮ ላይ የሚተወውን ምልክት በማማከሪያ ክፍሌ አየዋለሁ። እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ድረስ ወንዶችና ሴቶች ልጆች በድባቴ የሚያዙት በተቀራረበ መጠን ነው፤ ከ13 እስከ 15 ባለው ዕድሜ ግን የሴቶቹ ቁጥር ከፍ ማለት ይጀምርና በብዙ አገሮች የወንዶቹን እጥፍ ያህል ይሆናል። ሱዛን ኖለን ሆክሴማ የተባለችው ተመራማሪ ለዚህ ልዩነት ከሰጠቻቸው ማብራሪያዎች አንዱ፣ እኛ ከእሷ በፊት ስም ያወጣንለት ነገር ነው፤ ማብሰልሰል። ሐዘንን ወደ ውስጥ አስገብቶ ለምን እንዲህ ሆንኩ እያሉ ያንኑ ደጋግሞ ማመላለስ ሐዘኑን ያረዝመዋል። ከቤት እንዳትወጣ የተደረገች፣ ምስር ስትለቅም የምትውል ልጅ ለማብሰልሰል ጊዜ አታጣም። ወንዱ ደግሞ «ዋጥ አድርገው» ይባላል። የዋጠው ነገር በሌላ በኩል ይወጣል፤ በድብድብ፣ በጫት፣ በሞተር ብስክሌት ፍጥነት። በዓለም ዙሪያ ራሳቸውን በማጥፋት የሚሞቱት ወንዶች ከሴቶች መብለጣቸውም ሲታሰብ፣ የጎረምሳው ዝምታ የጥንካሬ ምልክት ተደርጎ መወሰዱ ያስፈራኛል። ወደ ቢሮዬ የሚመጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹ የሚመጡት ዩኒት ሊደሩ ሲልካቸው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም መስኮት ከሰበሩ በኋላ።

የሥነ ልቦና ምሁሩን የኤሪክ ኤሪክሰንን ትምህርት ሳስተምር አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። እሱ የሰውን ዕድገት በስምንት ደረጃ ሲከፍል አምስተኛውን፣ የጉርምስናውን፣ «ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ የሚፈታበት አድርጎታል፤ ለዚህም ኅብረተሰቡ ለወጣቱ የእፎይታ ጊዜ ይሰጠዋል ይላል፤ የአዋቂ ኃላፊነት ሳይጫንበት ይህንንም ያንንም የሚሞክርበት ጊዜ ማለት ነው። እኔ ያን እፎይታ በብስክሌት ላይ አግኝቼዋለሁ። አሞራ ገደል ሄጄ ዓሣ የሚቀርፉትን ልጆች አግዣለሁ፤ የተጣለውን አንጀት አባ ኮዳ ከሚባሉት ትልልቅ ወፎች ጋር ተሻምቻለሁ፤ አንድ ክረምት ሙሉ ዓሣ አጥማጅ፣ በሚቀጥለው ብስክሌት ጠጋኝ ልሆን ወስኜ ነበር። ከገጠር መጥታ በአሥራ ሦስት ዓመቷ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ግን እፎይታው የት አለ? ማታ ትምህርት ከተላከች ዕድለኛ ናት፤ ደብተሯን የምትገልጠው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ሲጀምር ከየወረዳው የመጡት ወጣት ሴቶች በአንዲት ክፍል ሦስት አራት ሆነው ተከራይተው ሲኖሩ ከተማው ብዙ አወራባቸው። ደመወዙ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ወሬው ግን ስለ ደመወዙ አልነበረም፤ ያለ አባትና ያለ ባል የሚያመሹ መሆናቸው ነበር ያስጨነቀን። ለብዙዎቹ «ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ሊመጣ ሲገባው የመጣው ያኔ ይመስለኛል፤ የመጀመሪያውን ደመወዝ ቆጥረው ለእናታቸው ስንት እንደሚልኩ፣ ለራሳቸው ስንት እንደሚያስቀሩ ሲወስኑ።

አሁን የራሴ ቤት ውስጥ የአሥራ አምስት ዓመት ወንድና የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ፤ እናቴም አብራን ትኖራለች። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ካለፈው እሑድ በኋላ ነው። ልጄ ብስክሌቷ ስላጠረባት ወንበሩን ከፍ እንዳደርግላት ጠየቀችኝ። የ13 ቁልፍ ይዤ በረንዳው ላይ ተንበረከክሁና ብሎኑን አላላሁት፤ ዝጎ ስለነበረ ዘይት ጠብ አደረግሁበት፤ ወንበሩንም አራት ጣት ያህል አነሳሁት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስታየን ቆየችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንተ፣ ልጅህ እኮ እየደረሰች ነው» አለችኝ። እኔም ለእናቴ ልመልስላት ያዘጋጀሁትን ሁሉ ትቼ ወደ ልጄ ዞርኩና፣ «ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ግቢ» አልኳት። ቃሉ ከአፌ እስኪወጣ ድረስ ልለው መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

ልጄ ወንበሩ ላይ ወጥታ እግሯ መሬት መንካቱን ሞከረች። «አባዬ፣ እሱስ በስንት ሰዓት ነው የሚገባው?» አለችኝ ስለ ወንድሟ። ለእሱ ሰዓት ወስኜለት አላውቅም። ትንሽ አሰብኩና ለሁለቱም አሥራ ሁለት ተኩል እንደሆነ አስታወቅሁ። ልጄ ምንም ሳትል በግቢው በር ወጣች። ወንድሟ ግን ከስልኩ ቀና ብሎ፣ «እሷ ሴት ስለሆነች እኔ ለምንድነው በጊዜ የምገባው?» አለኝ፤ እናቴም ወደ ውስጥ እየገባች ሳቀች። በማንኛችን እንደሳቀች አልጠየቅኋትም።